«የምትወዱትን ሥሩ» የሚለው ምክር ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

የምረቃ ሰሞን ነው እንበል። አዳራሹ ሞልቷል። ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎች ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ ወላጆች እቅፍ አበባቸውን ይዘው ከኋላ ይጠብቃሉ። የክብር እንግዳው ማይኩን ያነሱና ንግግራቸውን በዚህ ይዘጋሉ፦ «ልጆቼ፣ የምትወዱትን ሥሩ። ገንዘቡ ራሱ ይከተላችኋል።» ጭብጨባው አዳራሹን ይሞላዋል።

ይህን ምክር ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላስብም። በአነቃቂ ንግግር መድረኮች አለ፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ አለ፣ ታክሲ ውስጥ በተለጠፉ ጥቅሶች ላይም አይጠፋም። እኔም መምህር ስለሆንኩ ስንቴ እንደሰጠሁት አላውቅም። ደስ የሚል ምክር ነው፤ ሰጪውን ምንም አያስወጣውም፣ ተቀባዩንም ፈገግ ያሰኘዋል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው።

ማንኛውም ምክር ስለ ሰው ልጅ አንዳንድ ነገሮችን በዝምታ እንደ እውነት ይወስዳል። «የምትወዱትን ሥሩ» የሚለውም ቢያንስ ሦስት ግምቶች አሉት። አንደኛ፣ የምንወደው ሥራ አስቀድሞ ውስጣችን አለ፣ የቀረን መፈለግ ብቻ ነው ይላል። ሁለተኛ፣ ፍቅሩ ካለ ሌላው ነገር በራሱ ይስተካከላል ይላል። ሦስተኛ፣ ምክሩ ለሁሉም ሰው እኩል ይሠራል ይላል። ግምት ከሆኑ ደግሞ መፈተሽ ይቻላል፤ የሥነ ልቦናና የማኅበረሰብ ተመራማሪዎችም ፈትሸዋቸዋል። ዛሬ ሦስቱንም አንድ በአንድ እንያቸው።

የት እንደምንደርስ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሥራን መውደድ መጥፎ ነገር ነው ልል አይደለም። የምለው ሁለት ነገር ነው፦ ፍቅር አብዛኛውን ጊዜ ከሥራው በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ሲመጣ ደግሞ የደሞዝ ምትክ መሆን የለበትም።

ምክሩን ዝነኛ ያደረገው ንግግር

ሐሳቡ የቆየ ቢሆንም በዘመናችን ይበልጥ እንዲናኝ ካደረጉት ንግግሮች አንዱ የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2005 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ላይ ያደረገው ነው። ከኮሌጅ ትምህርቱን አቋርጦ እንደወጣ፣ የቁም ጽሕፈት ትምህርት በፍላጎቱ ብቻ እንደተከታተለ፣ ከራሱ ኩባንያ እንደተባረረና ለሥራው የነበረው ፍቅር እንዴት እንዳቆየው ተረከ። ለተመራቂዎቹ ያስተላለፈው መልእክትም የምትወዱትን እስክታገኙ ድረስ ፈልጉ፣ ሳታገኙ አትረፉ የሚል ነበር።

ንግግሩ ግሩም ነው። እንደ ማስረጃ ግን ደካማ ነው። ምክንያቱን ለማየት ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልገንም፤ አርሲ በቆጂ ይበቃናል። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው ከተማ ናት። እነዚህ ሰዎች ሩጫን ይወዱ ነበር ወይ ብንል አዎ ብለን እናልፋለን። ነገር ግን በዚያው ብርድ፣ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ፍቅር የሮጡ፣ ግን አሸንፈው ማይክ ያልተሰጣቸው ብዙ ልጆች አሉ። ስለ ስኬት ስንጠይቅ የምንጠይቀው ያሸነፉትን ብቻ ነው። ያልተሳካላቸውን ብንጠይቅ እነሱም «እወደው ነበር» ይሉናል። በሁለቱም ወገን እኩል ያለ ነገር ደግሞ ልዩነቱን አያስረዳም። በምርምር ቋንቋ ይህ የተራፊዎች አድልዎ ይባላል፦ የተረፉትን ብቻ ቆጥሮ መደምደም።

ግምት አንድ፦ ፍቅሩ ውስጣችሁ ተደብቋል

«ፍላጎትህን ፈልግ» ስንል ፍላጎትን የጠፋ ቁልፍ እናስመስለዋለን። አንድ ቦታ አለ፣ ስታገኘው በሩ ይከፈታል። ፖል ኦኪፍ፣ ካሮል ድዌክና ግሬጎሪ ዋልተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይኮሎጂካል ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህን አስተሳሰብ ነው የፈተሸው። ሰዎችን በሁለት ከፍለው አዩ፦ ፍላጎት «ይገኛል» የሚሉና ፍላጎት «ይለማል» የሚሉ።

ከሙከራዎቹ አንዱን ላውጋችሁ። ተማሪዎች ስለ ብላክ ሆል የሚያወራ አዝናኝ ቪዲዮ እንዲያዩ ተደረገ። አብዛኞቹ በጣም ወደዱት። ቀጥሎ በዚያው ጉዳይ ላይ የተጻፈ ከበድ ያለ ሳይንሳዊ ጽሑፍ እንዲያነቡ ተሰጣቸው። ንባቡ ሲከብዳቸው የሁሉም ጉጉት ቀነሰ። ይበልጥ የቀነሰው ግን ፍላጎት «ይገኛል» በሚለው ወገን ነው። ነገሩ ምን መሰላችሁ? ፍላጎት ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ነው ብላችሁ ካመናችሁ፣ ችግር ሲገጥማችሁ «አሃ! ለካ ይሄ የኔ አይደለም» ትላላችሁ። ፍላጎት ይለማል ብላችሁ ካመናችሁ ግን ያው ችግር የመንገዱ አካል ይሆናል።

ይህን በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አየዋለሁ። አንደኛ ዓመት ላይ ፕሮግራሚንግ ሊማር በጉጉት የገባ ልጅ፣ በሦስተኛው ሳምንት ኮዱ አልሠራ ሲለው ቢሮዬ ይመጣና «መምህር፣ ዝንባሌዬ አይመስለኝም» ይለኛል። ሦስት ሳምንት! ክራር እንኳ በሦስት ሳምንት ጣት ያቆስላል እንጂ ዘፈን አይወጣውም። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የሚለው። እውነተኛ ፍቅር አያታክትም ብለን ስለነገርነው ነው።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። ካናዳዊው ሮበርት ቫለራንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ከ500 በላይ ተማሪዎችን አጥብቀው ስለሚወዱት ነገር ጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ነገር አላቸው። ግን ምንድን ነው የሚወዱት? በብዛት ስፖርት፣ ሙዚቃ፣ ንባብና የመሳሰለው ነው። ከትምህርት ወይም ከሥራ ጋር የተያያዘውን የጠቀሱት በጣም ጥቂት ነበሩ። እስኪ እናንተም በ18 ዓመታችሁ ትወዱት የነበረውን አስታውሱ። እኔ ኳስና ሬዲዮ መፈታታት ነበር። በ18 ዓመት ዕድሜ የሎጂስቲክስን፣ የአፈር ምርመራን ወይም የኦዲትን ሥራ የሚወድ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ምክንያቱም አይቶት አያውቅም። ሰው የማያውቀውን አይወድም። ስለዚህ ልጁን «የምትወደውን ምረጥ» ስንለው፣ በእውነት የምንለው «እስካሁን ካየሃቸው ጥቂት ነገሮች ውስጥ ምረጥ» ነው።

ግምት ሁለት፦ ፍቅር ካለ ሌላው ይከተላል

ከሦስቱ ግምቶች ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

ጄይ ኪምና ባልደረቦቹ በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አለ። ከ2,400 በላይ ሰዎች በተሳተፉባቸው ተከታታይ ሙከራዎች ለተሳታፊዎች የሠራተኞች ታሪክ ቀረበላቸው። በአንዱ ሙከራ የቀረበው አማካሪው የሚያመናጭቀውና ሊደርስበት የማይችል የጊዜ ገደብ የሚያስቀምጥበት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ታሪክ ነበር። ግማሾቹ ልጁ ለሥራው ትልቅ ፍቅር እንዳለው ተነገራቸው፤ ግማሾቹ አልተነገራቸውም። በደሉ ያው ነው፤ ልዩነቱ ያቺ ስለ ፍቅር የምትናገር ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ፍቅር አለው የተባሉት ሰዎች በደሉን ይበልጥ ተገቢ ሆኖ አገኙት።

በሌሎቹ ሙከራዎችም ያው አቅጣጫ ነው የታየው። ሥራውን የሚወድን ሰው ያለ ክፍያ ትርፍ ሰዓት ማሠራት፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚያሳልፈውን ቅዳሜና እሑድ መውሰድ፣ ከሙያው ጋር የማይገናኝ እንደ መጸዳጃ ቤት ማጽዳት ያለ ሥራ ማዘዝ ለታዛቢዎች ያን ያህል አልከበዳቸውም። ተመራማሪዎቹ ከጀርባው ሁለት እምነቶች አገኙ። አንዱ «ሥራው ራሱ ለእሱ ክፍያ ነው» የሚል ነው። ሌላው «ባንጠይቀውም በገዛ ፈቃዱ ያደርገው ነበር» የሚል ነው። ይበልጥ የሚገርመው ነገሩ ወደ ኋላም መሥራቱ ነው፦ አንድ ሠራተኛ እየተበዘበዘ መሆኑን ያነበቡ ሰዎች «መቼም ሥራውን ቢወደው ነው» ብለው የመገመት ዝንባሌ አሳይተዋል። በደሉን ካየን በኋላ ፍቅሩን ራሳችን እንፈጥርለታለን ማለት ነው።

ይህ እንግዲህ ታዛቢው የሚያስበው ነው። ሠራተኞቹ ራሳቸውስ? ስቱዋርት በንደርሰንና ጄፍሪ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካና በካናዳ የአራዊት ማቆያ ስፍራዎች እንስሳት የሚንከባከቡ ሠራተኞችን አጥንተዋል። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ኮሌጅ የጨረሱ ናቸው፤ ክፍያቸው ግን ዝቅተኛ ነው፣ የዕድገት ዕድላቸውም ጠባብ ነው፣ የቀኑ ብዙው ክፍል የሚያልፈውም ጋጣ በማጽዳት ነው። ሥራቸውን እንደ ጥሪ የሚቆጥሩት ለሥራቸው ትልቅ ትርጉም ይሰጡ ነበር፤ ማንነታቸውም ከሥራው ጋር ተሳስሯል። ነገር ግን ገንዘባቸውን፣ ጊዜያቸውንና ምቾታቸውን ለመሠዋት ይበልጥ ዝግጁ የነበሩትም እነሱ ናቸው። «አስተዳደሩ ይህን ፍቅራችንን እየተጠቀመበት ይሆን?» የሚል ጥርጣሬም አብሯቸው ይኖራል። ተመራማሪዎቹ ጥሪን በሁለት በኩል የተሳለ ሰይፍ ያሉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። «መምህር እንደ ሻማ ነው፤ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? የመምህራን ቀን ሲከበር እኔም ከመድረክ ብዬዋለሁ። ቆም ብላችሁ ስታስቡት ግን ምሳሌው ያስደነግጣል። ሻማ ለመቅለጡ ማንም ካሳ አይከፍለውም፤ መቅለጡ ተፈጥሮው ነው። መምህርን ሻማ ካልነው በኋላ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያነሳ «ይሄ ደግሞ የሙያ ፍቅር የለውም» ለማለት በሩ ተከፍቷል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደሞዛቸው አልበቃ እንዳላቸው ተናግረው ሥራ እስከማቆም ሲደርሱ «ታዲያ መሐላችሁስ?» የሚል ክርክር እንደተነሳ ታስታውሳላችሁ። ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ሲቀር የሚደርሰው ጉዳት እውነተኛ ነው፤ ያን አቃልዬ ማየት አልፈልግም። ነገር ግን «ሙያህን ከወደድክ ስለ ደሞዝ አታንሳ» የሚለው መልስ ለጥያቄው መልስ አይደለም። የዱክ ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ያገኙት «ሥራው ራሱ ክፍያው ነው» የሚለው እምነት ነው፣ በአማርኛ።

ስለ ሌሎች ብቻ አላውራ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብራኝ የምትሠራ ረዳት ተመራማሪ ነበረች። ጎበዝ ናት፤ መረጃ ለመሰብሰብ ገጠር ስንወርድ ከሁላችንም በፊት የምትነሳው እሷ ነበረች። ትርፍ ሥራ ሲመጣ በቀጥታ ለእሷ ነበር የምሰጠው። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ አንዳንዴም የበዓል ዋዜማ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ኧረ ልጅቷን ገደልካት» ሲለኝ የሰጠሁትን መልስ እስካሁን አስታውሰዋለሁ፦ «እሷ እኮ ሥራውን ትወደዋለች።» ሥራውን ይወዱታል ብዬ የማላስባቸውን ሁለቱን ወንዶች ግን እሑድ ጠርቻቸው አላውቅም። ስትለቅ ምክንያቷን ጠየቅኳት። «ዶክተር፣ ሥራውን አልጠላሁትም። ግን እናቴ ቤት ኪራይ እየከፈለችልኝ ልቀጥል አልችልም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ይህን ጉዳይ ማንበብ የጀመርኩት። ፍቅሯን አይቼ የቀነስኩት ሸክሟን ሳይሆን ክፍያዋን ነበር።

ለፍቅር ሲከፈልስ?

«እሺ፣ ፍቅርም ክፍያም ቢኖርስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒዝቤት ባሳተሙት ሙከራ፣ በባለቀለም እስክሪብቶ መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ከሣለ የምስክር ወረቀት እንደሚሸለም አስቀድሞ ተነገረው። ሁለተኛው ሳይጠብቀው ተሸለመ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ሲታዩ፣ ሽልማት ተነግሯቸው የነበሩት ልጆች የመሳል ፍላጎታቸው ከሌሎቹ ቀንሶ ተገኘ።

ከዚህ ተነስቶ «ደሞዝ ፍቅርን ያበላሻል» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። የልጆች ሥዕልና የአዋቂ እንጀራ አንድ አይደሉም፤ ደሞዝ አሳንሶ መክፈልም ፍቅርን አያፋፋም። ትምህርቱ ጠበብ ያለ ነው፦ በትርፍ ጊዜያችን የምንወደው ነገር ሥራ ሲሆን ያው ነገር ሆኖ ላይቀጥል ይችላል። ለራሱ ደስታ ፎቶ የሚያነሳ ሰውና በሳምንት ሦስት ሠርግ የሚያነሳ ሰው የያዙት ካሜራ አንድ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን ቀጠሮ አለበት፣ የሙሽራዋ እናት ቅሬታ አለበት፣ ያልተከፈለ ቀሪ ሂሳብ አለበት። ምክር ሰጪው ስለ ካሜራው ይነግራችኋል፤ ስለ ቀሪ ሂሳቡ አይነግራችሁም።

ግምት ሦስት፦ ምክሩ ለሁሉም እኩል ይሠራል

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጥናት ተመራማሪዋ ኤሪን ቼክ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመችው መጽሐፍ አሜሪካውያን የኮሌጅ ተማሪዎች ሥራቸውን በፍቅር ለመምረጥ ሲሞክሩ ምን እንደገጠማቸው ተከታትላለች። የምትወደውን እስክታገኝ ድረስ ያለ በቂ ገቢ መቆየት ይጠይቃል፤ ነፃ ልምምድ፣ ጊዜያዊ ሥራ፣ የከተማ ኪራይ። የቤተሰብ ገንዘብና ትውውቅ ያላቸው ልጆች ይህን ጊዜ ይሻገሩታል። የሌላቸው ግን ከትምህርታቸው በታች በሆነና ዋስትና በሌለው ሥራ ላይ የመቅረታቸው ዕድል ይበልጥ ሰፊ ነበር። ምክሩ አንድ ነው፤ መረቡ ግን ከአንዱ ሥር አለ፣ ከሌላው ሥር የለም።

በአሜሪካ እንዲህ ከሆነ በእኛስ? የ12ኛ ክፍል ፈተናን አስቡ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተማሪ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ያለፈውም ቢሆን የሚማረው ውጤቱና የቦታው ብዛት በፈቀዱለት መስክ ነው። ለዓመታት በ70/30 ፖሊሲ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ይደረግ ነበር። ታሪክ የሚወድ ልጅ ሲቪል ምህንድስና ሲደርሰው አይተናል። እንግዲህ ለዚህ ልጅ በምረቃው ቀን «የምትወደውን ሥራ» ስንለው፣ ምርጫ ስለሌለው ነገር ጥፋተኛ እናደርገዋለን። «የማልወደውን ነው የተማርኩት፤ ሕይወቴ ከመጀመሩ ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከኋላ አበባ ይዛ የምትጠብቀው እናቱ ደግሞ የታናሽ እህቱን የትምህርት ቤት ክፍያ ማን እንደሚያግዛት እያሰበች ነው።

የቤተሰብ ነገር ከተነሳ፣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ሺንግዩ ሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2021 የ59 ማኅበረሰቦችን፣ 1.2 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችን መረጃ ተንትነዋል። ለትምህርቱ ያለው ፍቅር በሁሉም ቦታ ከውጤት ጋር ተያይዟል። የግለሰብ ምርጫ ጎልቶ በሚታይባቸው እንደ አሜሪካ ባሉ ማኅበረሰቦች ግን ግንኙነቱ በጣም ጠንካራ ነው፤ ኑሮ በቤተሰብና በማኅበር በሚታሰብባቸው ደከም ይላል፣ እዚያ የወላጅ ድጋፍም ውጤትን በመተንበይ ትልቅ ድርሻ አለው። ኢትዮጵያ በዚህ መረጃ ውስጥ ስላልነበረች ስለ እኛ በቀጥታ መደምደም አንችልም። ግን «ለእናቴ ብዬ ነው የማጠናው» የሚል ልጅ ከ«ፍቅር» ያነሰ ምክንያት እንዳለው አድርገን መቁጠር እንደሌለብን ይጠቁመናል። በአረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች ወንድሞቿን የምታስተምር እህት ሥራዋን ላትወደው ትችላለች። የምትሠራበት ምክንያት ግን ፍቅር አይደለም የሚላት ማነው?

ታዲያ የማንወደውን እንሥራ?

አይደለም። ምክሩን የሚደግፉ ሰዎች ያላቸውን እውነት መካድ አልፈልግም። ሥራውን የሚወድ ሰው ይጸናል፣ ይማራል፣ ቀኑም ይቀለዋል። ከላይ ያነሳሁት ቫለራንድም ፍቅርን ሁሉ አንድ አላደረገውም። ከቀሪው ሕይወት ጋር ተስማምቶ የሚኖር ፍቅር አለ፤ ሰውየውን የሚገዛው፣ እረፍት የሚነሳው፣ አባዜ የሆነ ፍቅርም አለ። የመጀመሪያው ከደስታ ጋር ይያያዛል፣ ሁለተኛው ከጭንቀት ጋር። ስለዚህ ጥያቄው ይህን የመጀመሪያውን ፍቅር ምን ያመጣዋል የሚለው ነው።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ያዳበሩት ንድፈ ሐሳብ ሦስት ነገሮችን ይጠቅሳል፦ በሥራችን ላይ የመወሰን ነፃነት፣ እየቻልን መሄዳችንን ማየት፣ ከሰዎች ጋር ያለን መልካም ግንኙነት። ልብ በሉ፣ ሦስቱም ከሥራው ሁኔታ የሚመጡ ናቸው እንጂ ከሥራው ስም አይደሉም። የሚያከብር አለቃ ያለው፣ እየተማረ የሚሄድ የሂሳብ ሠራተኛ ሥራውን ሊወድ ይችላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጋዜጠኝነትን ሲመኝ የኖረ ልጅ፣ በሚያዋርድ አለቃ ሥር ሲወድቅ ሊጠላው ይችላል። ፍቅሩን ከዘርፉ ምርጫ ብቻ የምትጠብቁ ከሆነ፣ ከሁኔታው መጠየቅ ያለባችሁን ትተዋላችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ አሁን ጥያቄውን እቀይርላቸዋለሁ። «ምን ትወዳለህ?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ችግር ሲገጥምህ ቁጭ ብለህ መሞከር ትችላለህ?» እላለሁ። እዚያ ሥራ ላይ ማን ያስተምርሃል? ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ የማትችለውን ምን ትችላለህ? የማክሰኞ ከሰዓትህ ምን ይመስላል? ክፍያው ኪራይህን ይሸፍናል? መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሁሉም አስፈላጊ የምለውን እጨምራለሁ፦ ሥራውን ባትወደው ኖሮ ይህን ስምምነት ትቀበለው ነበር? መልሱ «ኧረ በጭራሽ» ከሆነ፣ ልዩነቱን የምትሞላው አንተ ነህ ማለት ነው። አንዳንዴ ዐውቆ መሙላት ይቻላል፤ ሳያውቁ መሙላት ግን ብዝበዛ ነው።

አሠሪ ለሆናችሁም አንድ ቃል አለኝ። በቡድናችሁ ውስጥ ትርፍ ሥራ ሁልጊዜ ማን ጋ እንደሚሄድ ለአንድ ወር መዝግቡ። ወረቀቱ ላይ በብዛት የምታገኙት ስም ሥራውን በጣም የሚወደው ሰው ስም ከሆነ፣ ፍቅሩን እያከበራችሁለት ሳይሆን እየቀረጣችሁት ሊሆን ይችላል። እኔ ብመዘግብ ኖሮ የረዳቴን ስም አገኝ ነበር።

ወላጅ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ልጃችሁ «ምን እንደምወድ አላውቅም» ስትላችሁ አትደንግጡ። በ18 ዓመት አለማወቅ ጤነኛ ነው። የሚሻለው የተለያየ ሥራ እንድታይ መውሰድ ነው፤ የአጎቷን ጋራዥ፣ የጎረቤትን ፋርማሲ፣ የቀበሌውን ማኅደር ክፍል። የማታውቀውን መውደድ አትችልም፤ ያየችውን ግን ቀስ በቀስ ልትወደው ትችላለች።

በሚቀጥለው ምረቃ እኔም እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ጭብጨባው እንደሚያንስ ባውቅም የምለውን አዘጋጅቻለሁ፦ የምትማሩበትንና የምትከበሩበትን ሥራ ፈልጉ፤ የሚገባችሁን ክፍያ ጠይቁ፤ ፍቅሩ ከመጣ እሰየው፣ ካልመጣም እናንተ ጎዶሎ አይደላችሁም።